በቅናት የተነሳ ራጅ

ሱሀይር ቡርሃንን ከሌላ ሴት ጋር ያየችው ሲኒማ ራስ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ነው።

ሴትየዋ ጥቁር ጅልባብ ለብሳለች። ረዘም፣ ቀጠን ያለች ጠይም ናት፤ ቅንድቧ በብዕር የተሳለ ይመስላል። ቡርሃን ክንዷን ደግፎ ታክሲው ውስጥ አስገባትና ተከትሏት ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ሴትየዋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለችው። ቡርሃን ሳቀ።

ሱሀይርን የቆረጣት ያ ሳቅ ነው። ቡርሃን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጥርሱን ለማንም አያሳይም። ያን ሳቅ ከእሷ ሌላ ያየው ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። ታክሲው በሰውና በጋሪ መሀል እየተሹለከለከ ሲርቅ፣ አንድ ተሸካሚ «ዞር በሉ እትዬ!» ብሎ እስኪጮህባት ድረስ መንገዱ ላይ ተገትራ ቀረች።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ተድራ፣ ትዳሩ ሳይሰምር ፈረሰና ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ባህረዲን ቤት ተመለሰች። ባህረዲን ከስልጤ ባዶ እጁን መጥቶ ዛሬ የመጋረጃ ጨርቅ በኮንቴይነር የሚያስመጣ፣ መርካቶ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ነጋዴ ነው። ሱቁን የምትይዝለት እሷ ናት። ቡርሃን ደግሞ የወሎ ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊ ነው፤ ከሱቋ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሰፋል። ጨርቅ ሊወስድ ሲመጣ፣ እሷ ከወዲህ እሱ ከወዲያ ጫፉን ይዘው ሲለኩ፣ ዓይናቸው ይጋጫል። መጀመሪያ ሁለቱም ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። በኋላ መስበሩን ተዉት።

ቡርሃን «ሽማግሌ ልላክ» ሲላት ነገሩ አስቀድሞ ባህረዲን ጆሮ ደረሰ።

«እኔ ያመጣሁትን ጨርቅ የሚሰፋ ሰው፣ የኔን እህት?» አለ ባህረዲን። ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በስልክና በዓይን ብቻ የሚኖር ሆነ። ሱሀይር ግን ይህም አልከበዳትም። ቡርሃን የእሷ መሆኑን እስካወቀች ድረስ መጠበቅ ትችል ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አመተ ሥላሴ ከክርና ዚፕ ሱቋ ብቅ አለች።

«ሱሂ፣ ወሬ ሰምተሻል? የቡርሃን ወንድም ሚስት ከኮምቦልቻ ከመጣች ሰንብታለች አሉ። የሟቹ ማለቴ ነው። አክስቱ ቤት ነው ያረፈችው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«አይ፣ ሽማግሌዎቹ ‹የወንድምህ ልጆች ባዕድ እጅ እንዳይወድቁ አንተው አግባት› ብለውታል ስለተባለ ነው። አንቺ እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ…»

ሱሀይር የያዘችውን የጨርቅ ጥቅል መደርደሪያው ላይ መለሰች። ደግማ አወረደችው። ደግማ መለሰችው።

ቡርሃን ወደ ማታ ግድም ሲመጣ ሰላምታውን አልመለሰችለትም።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«የዘመድ።»

«ዘመድህ ቆንጆ ናት።»

ቡርሃን ደንግጦ ቀና አለ። «ሱሀይር፣ እባክሽን ይህን ነገር አሁን አትጠይቂኝ። የእኔ ምስጢር ቢሆን እነግርሽ ነበር። የእሷ ነው።»

የእሷ ምስጢር። ሁለት ሰው ካልተዋደደ ምስጢር ይካፈላል? ሱሀይር በዚያ ቃል እየተቃጠለች አደረች፤ እየተቃጠለች ዋለች።

*

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አየቻቸው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ክንድ ለክንድ። በዚህ ጊዜ ቆማ አልቀረችም። ሱቁን ለአመተ ሥላሴ አደራ ብላ ከኋላቸው በመጣው ታክሲ ተሳፈረች።

በመንገዱ ሁሉ በሐሳቧ አንድ ቤት ትሠራ ነበር። አሁን የሚከራይ ቤት ሊያዩ ነው። አይ፣ ወርቅ ሊገዙ ነው። አይ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊገቡ ነው። አማኑኤል አካባቢ ሲወርዱ ወረደች፤ ከአንድ ሕንፃ ሲገቡ እሷም የራስ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተከትላ ገባች። ደረጃውን ስትወጣ የምትናገረውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።

ፎቁ ላይ የጠበቃት ግን በሴቶች የተሞላ የመጠበቂያ ክፍል ነው። ቡርሃን የለም። ጥቁር ጅልባብ የለበሰችው ሴት ብቻዋን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሱሀይርን ስታይ ጠጋ አለችላት።

«ነይ እህቴ፣ እዚህ ቦታ አለ።»

ሱሀይር አፏን ከመክፈቷ በፊት ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ምን ነበር?»

«እ…?»

«የመጡት ለምንድነው?»

ሱሀይር ዙሪያዋን አየች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የጡት ራጅ» ይላል። ሴቶቹ ሁሉ እያዩአት ነው። ባለጅልባቧም እያየቻት ነው። ከወንድ ኋላ ሮጬ መጣሁ አይባልም።

«ለዚሁ ነው» አለች ወደ ወረቀቱ እየጠቆመች።

«ማሞግራም? ዕድሜዎ?»

«አርባ አንድ።»

«ከዚህ በፊት ተነስተው ያውቃሉ? እብጠት አለዎት? የሚያምዎት ነገር?»

«ምንም የለኝም።»

«ጎበዝ። ብዙዎቻችን ካልታመምን አንመጣም» አለች ሠራተኛዋ። ሱሀይር በማታውቀው ጉብዝና ስትመሰገን ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሄዳ ከሴትየዋ ጎን ተቀመጠች። ቅርብ ሆና ስታያት ይበልጥ ቆንጆ ናት። ያ ቅንድብ! ሱሀይር የራሷን ሳሳ ያለ ቅንድብ ሳታስበው ዳሰሰች።

«ባለቤትሽ ነው ይዞሽ የመጣው?» ስትል ጠየቀቻት፤ ድምጿ ግን እንዳሰበችው ግዴለሽ አልሆነላትም።

«ባለቤቴ ሞቷል። ወንድሙ ነው፤ መድኃኒት ሊገዛልኝ ወረደ» አለች ሴትየዋ። ፊቷ በራ። «አላህ ጀዛውን ይክፈለውና፣ እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል? ሥራውን ጥሎ ነው ከእኔ ጋር የሚንከራተተው። ያበላኛል፤ ያስቀኛል። ስምሽ ማነው? እኔ ምስራ እባላለሁ።»

ሱሀይር ስሟን አልተናገረችም። ሴትየዋ ታማለች፤ ይህን አሁን ተረዳች። ነገሩ ሊያበርዳት ሲገባ ባሰባት። ጤነኛ ሴት ብትሆን ትጣላታለች፤ ታማ በወንድ ክንድ ላይ የተደገፈች ሴት ግን በምን ትቻላለች? ቡርሃን ልቡ ስስ ነው። ያዘነለትን ነገር ትቶ መሄድ አይችልም። ዛሬ ያዝንላታል፤ ነገ ይለምዳታል፤ ከነገ ወዲያ…

«እትዬ፣ ይግቡ!» ተብላ ተጠራች።

የራጅ ባለሙያዋ እምነት የምትባል ለስላሳ ልጅ ናት። በሩን ዘጋችና ከወገብ በላይ እንድታወልቅ ነገረቻት፤ ብብቷ ላይ የተቀባችውን ሽቶ በእርጥብ ጨርቅ አስጠረገቻት። ከዚያ አንዱን ጡቷን ከቀዝቃዛው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስተካክላ አኖረችው። ከላይ ሌላ ሰሌዳ ቀስ እያለ ወረደና ተጫነው።

«ትንሽ ያጨናንቃል እትዬ፤ ወዲያው ይለቃል። ትንፋሽ ይያዙ… አይንቀሳቀሱ… አሁን ይተንፍሱ።»

ከላይ፣ ከጎን፣ ከዚያ ሌላኛው ጡት። ሱሀይር ጉንጯን ማሽኑ ላይ አስደግፋ እያለች እንባዋ ወረደ።

«በጣም አመመዎት?»

«አይ» አለች ሱሀይር። «ሌላ ነው የሚያመኝ።»

ስትወርድ ደረጃው ላይ ከቡርሃን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የመድኃኒት ከረጢት ይዟል። መጀመሪያ ገረመው፤ ከዚያ ገባው።

«ተከተልሽኝ?»

«ራጅ ልነሳ ነው የመጣሁት» አለችና አገጯን ቀና አድርጋ አለፈችው።

ቡርሃን አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት። ያን ዓይኑን፣ ጨርቅ በመሀላቸው ዘርግተው ያያት የነበረውን ዓይን፣ ዝቅ አደረገና መንገድ ለቀቀላት። ሱሀይር እቤቷ እስክትገባ ድረስ ያ የተሰበረ ዓይን ከኋላዋ የሚከተላት ይመስላት ነበር።

*

ከምርመራ ማዕከሉ ሲደወልላት «ተሳስታችሁ ነው» አለች። አልተሳሳቱም።

ዶክተር ዘውገ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ አሳያት። በግራ ጡቷ ውስጥ እንደተበተነ ጨው ያሉ ነጫጭ ነጥቦች አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። «በእጅ ቢፈለጉ አይገኙም፤ እርስዎም ሐኪምም አያገኛቸውም» አላት። «ምንም ላይሆን ይችላል። በመርፌ ናሙና ወስደን እንየው።»

ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ።

«ካንሰር ነው። አሁን በደንብ ያድምጡኝ፤ ገና ከተፈጠረበት የወተት ቧንቧ አልወጣም። በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን፤ ከዚያ የጨረር ሕክምና ይከተላል። በዚህ ደረጃ የተያዘ ሰው የመዳን ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። እንዲህ ቀድመው የሚመጡ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ምን አስተውለው ነው የመጡት?»

«ቀንቼ» አለች ሱሀይር።

ዶክተሩ አልገባውም። እሷም አላስረዳችውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውነቷ የሷ አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ ትለካለች፤ ትቆርጣለች። ቡርሃን ሲደውል ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጣለች። የሚገርማት ነገር፣ ቡርሃንና ምስራ ከሱቁ ፊት ለፊት ሲያልፉ ዓይኗ እያየ ልቧ ምንም አላላትም። ቅናቱ ጠፍቶ ቦታውን ፍርሃት ይዞት ነበር። ቅናት ቢያንስ ይፋጃል። ፍርሃት ግን ቀዝቃዛ ነው።

በመጨረሻ ቡርሃን ራሱ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ ከመደርደሪያው ፊት ቆመ።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ሂድና አግባት። ሽማግሌዎቹ ብለውሃል አይደል?»

«ብለውኛል። እምቢ አልኩ። ‹ልብህ የት ሄዶ ነው?› ቢሉኝ ‹መርካቶ ነው ያለው› አልኳቸው።»

ሱሀይር ግን ጨከነች። «ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምስራ በአላህ አስምላኝ ነው፤ አሁን ግን አንቺው እዚያ አይተሻታል። ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ ሁለት ዓመት ደበቀችው፤ ሐዘኑም ልጆች ማሳደጉም ተደራርበውባት። ሰው ሲያውቅ ይጠቋቆምብኛል ብላ ትፈራለች። ለአንቺ ለመናገር ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ መሰለሽ። ወላሂ፣ ስትቀኚ እያየሁ ዝም ማለት እንደ እሳት ነበር የሚበላኝ።»

«እንግዲያው በሽተኛ ማስታመም በቅቶሃል። በአንዷ ተወሰን።»

«አንዷ ስትይ?»

አፏ አምልጧት ነበር። ቡርሃን አያት። ደረጃው ላይ የተገናኙበትን ቀን ሲያስታውስ፣ ስልኳን አለማንሳቷን ሲደምርበት፣ ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ሲገጣጠም ታያት። «ገና ትንሽ ናት፤ በእጅ እንኳ አትዳሰስም፤ ትወጣለች ብለውኛል» አለች ሳታየው። ቡርሃን ጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ።

«ሱሀይር… አብሽሪ…» አለ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

«ይኸው!» አለች ሱሀይር። «ይኸው፣ ይህን ነው የፈራሁት! ለእሷ ስታዝን አይቼ ተቃጠልኩ፤ አሁን ለእኔም ታዝናለህ። አዝኖ የሚወደኝ ሰው አልፈልግም ቡርሃን! ጨርቁን ይዘህ ከወዲያ ጫፍ ስታየኝ እንደነበረው ካልሆነ፣ ምንም አልፈልግም። ውጣልኝ!»

ቡርሃን ወጣ። ሱሀይር ያባረረችውን ሰው የእግር ድምፅ እያዳመጠች፣ በሩ እንደገና እንዲከፈት በሙሉ ልቧ ተመኘች።

*

በማግስቱ በሩን የከፈተችው ምስራ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም። ስምሽን ያኔ ብትነግሪኝ ይህ ሁሉ ባልሆነ» አለችና ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ደረጃ የወጣ ሰው ያህል ትተነፍሳለች። «ቡርሃን ምሎልኛልና እዚያ ባታዪኝ ምንም አይነግርሽም ነበር። ትናንት መናገሩን ነግሮኛል፤ መሐላውን ፈታሁለት። የመጣሁት ግን ለእሱ አይደለም። ልጠላሽ ነው የመጣሁት።»

ሱሀይር በእጇ የነበረውን መቀስ አስቀመጠች።

«ቅናት ያንቺ ብቻ ይመስልሻል? እኔ ስቀናብሽ ነው የከረምኩት። ቡርሃን ታክሲ ውስጥ ለማስቂያ የሚነግረኝ ያንቺን ነገር ነው። ‹ዛሬ እንዲህ አለችኝ፣ ዛሬ በዓይኗ ገላመጠችኝ› እያለ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ አግባት ሲሉት እኔም በውስጤ እሺ ቢል ብዬ ነበር፤ ልዋሽሽ አልችልም። ልጆች አሉኝ። እሱ ግን ያንቺ ነው። ይህን ቻልኩት።» እጇን ጅልባቧ ውስጥ ሰበሰበች። «ትናንት እያለቀሰ ስላንቺ ሲነግረኝ ‹ገና ትንሽ ናት፤ በእጅ እንኳ አትዳሰስም፤ ትወጣለች› አለኝ። ያን ስሰማ ተቃጠልኩ። የእኔ ብብቴ ገብቷል ሱሀይር። ሁለት ዓመት በእጄ እየዳሰስኩት፣ እያወቅኩት ደበቅኩት። አንቺ ወንድ ተከትለሽ መጥተሽ፣ ሳታውቂው፣ በጊዜው አገኘሽው! እንዴት አልቀናብሽም?»

«እኔ ደግሞ» አለች ሱሀይር፣ እንባና ሳቅ ተናንቋት፣ «በቅንድብሽ ነበር የቀናሁት።»

ምስራ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቅንድቧን አበሰችው። ቅንድቡ ጣቷ ላይ ቀረ። ከሥሩ ባዶ ቆዳ ብቻ ነበር።

«መድኃኒቱ አራገፈው። በኩል ነው የምስለው» አለች። «ብትፈልጊ አስተምርሻለሁ።»

ሱሀይር ከመደርደሪያው ወጥታ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ሳይተዋወቁ ሲቀናኑ የከረሙ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ልብ ምት እየሰማች፣ ማን ማንን እያባበለ እንደሆነ እስኪጠፋቸው ድረስ።

ምስራ ስትነሳ በሩ ላይ ዞረች። «ሰውየውን ‹አዘንክልኝ› ብለሽ አባረርሽው አሉ። እኔ የሚታዘንለት ሰው ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለእኔ ያዝናል፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ላንቺ ግን ትናንት መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቅቶት ዋለ።»

*

ሱሀይር ለወንድሟ ነገረችው። ባህረዲን ሰምቶ ብዙ አልተናገረም፤ ጎምላላው ሰው መስጊድ ገብቶ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በቀዶ ሕክምናዋ ቀን ራሱ ይዟት ሄደ።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቡርሃን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሱሀይር አየችው። አላባረረችውም። በተሽከርካሪ አልጋ ስታልፍ ዓይኑን አልሰበረም፤ እሷም አልሰበረችም። ያን ዓይን ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በኋላ ነው የነገሯት። ሁለቱ ወንዶች ብዙ ሰዓት ሳይነጋገሩ ተቀመጡ አሉ።

«ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ እዚህ ነህ አሉኝ» አለ ባህረዲን በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቁርስ?»

«አልበላሁም። አልወርድ አለኝ።»

«እኔም አልበላሁም። ና እንውረድ።» አንድ ሳህን ላይ በሉ። ባህረዲን እጁን እየታጠበ «ስትድን ሽማግሌ ላክ» አለው። «ቶሎ እሺ እንዳልልህ ግን። ወግ ነው፣ ደጅ ትጠናለህ።»

«ዓመት ጠንቻለሁ ጋሼ።»

«ጨምር!»

ሱሀይር ስትነቃ በደረቷ ላይ ፋሻ አለ፤ አፏ ደርቋል። ዶክተሩ ከሩቅ በሚመጣ በሚመስላት ድምፅ «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ሲል ሰማችው። ደግማ አንቀላፋች። ለሁለተኛ ጊዜ ስትነቃ ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። ወንድሟ መስኮቱ ጋ ስልክ ያወራል። ምስራ እግሯ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቡርሃን ብርቱካን ይልጣል። ልጦ ጨረሰና፣ ፈልፍሎ፣ የመጀመሪያዋን ፍሬ ለምስራ ዘረጋላት። ምስራ የሆነ ነገር አለችው። ቡርሃን ሳቀ።

ሱሀይርን የሆነ ነገር ወጋት። ፋሻው ሥር ያለው ቁስል አይደለም። ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ የምታውቀው ቦታ ላይ፣ የምታውቀው እሳት። ስንት ቀን ጠፍቶባት የነበረ።

«አንተ!» አለች። «ቁስለኛዋ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ሁሉም ደንግጠው ዞሩ። ምስራ ቀድማ ሳቀች፤ «አልሀምዱሊላህ! ድናለች» አለች። ቡርሃን ብርቱካኑን እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሱሀይር ተናዳበታለች። ከልቧ፣ ደስ እያላት፣ እንደ ጤነኛ ሰው ተናዳበታለች። ለብርቱካኑም አፏን ከፈተችለት።